የውርጭ መዝገብ

ቆላ ድባ ተወልጄ፣ ወባን እንደ ጎረቤት አውቄ፣
ጎንደር ሆስፒታል መዝገብ ያዥ ሆንሁ፣ ከካርድ ክፍል ተወሽቄ።
ስም፣ ዕድሜ፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፤ ይህ ነው የእጄ እውቀት፤
የበሽታውን ስም ሐኪም ያወጣል፣ እኔ መስመር ልፈልግለት።

ባለፈው ኅዳር ዶክተር ኢዮስያስ መጣ፣ ወንበር ስቦ
«ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ የሚኖሩትን ለይልኝ» አለ፣ አስቦ አስቦ።
ሜትር የሚባል ዓምድ የለንም። አገሩን ግን አውቃለሁ፤
በየዳም ይሁን ጃናሞራ፣ ከሰውየው ጉንጭ እለያለሁ፤
ውርጭ የጠበሰው ጉንጭ ያስታውቃል፤ ቀልቶ፣ ደርቆ፣ ተሰንጥቆ።
የሦስት ዓመት መዝገብ አወረድሁ፣ ጀርባው ባይጥ ተቦጭቆ።

ሳንባ ምች።
ሳንባ ምች።
ደግሞ ሳንባ ምች፤ የአራት ወር ልጅ፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ፤
ቀለሜ አለቀ፣ ጥር አላለቀም፤ ገና አልጨረስሁም አንድ ቀበሌ።

ትርፌ ዓይኗ ቀልቷል፤ ሳሏ ከትዳሯ በዕድሜ ይበልጣል፤
«ትምባሆ ታጨሻለሽ?» ቢሏት ሳቀች፦ «እኔማ አላጨስ፣ ቤቴ ያጨሳል።»
በሩን ስትከፍተው ብርዱ፣ ስትዘጋው ጭሱ ይገድላል፤
ለሁለት ጠላት አንድ መዝጊያ፣ እንደምን አርጎ ይበቃል?

የስጦታው ልጅ እግሩ ጎበጠ፣ እንደ ድጋን፣ በሁለት ዓመቱ፤
ብርዱን ፈርታ በባና ጠቅልላ፣ ከጓዳ አኖረችው እናቱ።
ጎንደርን ሳታይ እነሱን የምታይ፣ ማልዳ የምትደርስ ፀሐይ
ከደጅ ቆማ ዋለች፣ አንዲት ጨረሯ ሳታርፍ ከገላው ላይ።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን እንተርታለን፤
አንጓች ሁለቱንም ይዛ መጣች፤ ካርዷን ዘርግተን ዝም አልን።

ላቦራቶሪ ምንታምር ጮኸች፦ «ማሽኑ አብዷል፣ ይህ ሰው ስንት ሰው ነው?»
ሁለቴ ቀዳች፣ ሦስቴ ቀዳች፤ ደሙ ያው፣ ቁጥሩም ያው ነው።
አየር በሳሳበት አገር፣ ሰው በደም ሥሩ ጎተራ ያበጃል፤
ትንፋሽ ሲያጥረው ይቀምስ ዘንድ፣ ቀይ እህል ያከማቻል።

እንዲህ ስገልጥ እጄ ቆመ። ይርሳው። ሃያ ሁለት ዓመት። ድልይብዛ። ወባ።
ወባ? የትንኝ ክንፍ በሚደርቅበት ቁር፣ በየት በኩል ገባ?
ስሕተት ነው ብዬ ላጲስ አነሳሁ። ሌላም አለ። ሌላም። ሌላም።
ሁሉም ጎረምሳ፣ ሁሉም በጥቅምት፤ አንድ ሕፃን እንኳ የለም።
መተማ ወርደው፣ ሰሊጥ አጭደው፣ የቀን ዋጋቸውን ቆጥረው፣
ብሩን በኪስ፣ የኔን ጎረቤት በደማቸው ቋጥረው።
እሱ ተራራ አልወጣም፤ ተሸክመው ነው ያወጡት።
ላጲሱን መለስሁ።

መጋቢት ላይ አንድ ሰው መጣ፣ ከመስኮቴ ሥር ቆመ፤
የያዘው ባዶ ቃሬዛ ነው፤ ገመዱ ትከሻው ላይ ታተመ።
«ካርድ አውጣልኝ፣ ለሚስቴ።» «የት አለች?» «ቧሂት ላይ አደርን፤
ሌሊቱን ትንፋሿ አጠረ፤ ሲነጋ እታች ደብር ቀበርን።
ለመድረስ ብለን ነው የተነሳነው። ስሟ እንኳ ይድረስ።»

እናትነሽ አዛናው። ሠላሳ ግድም። በሽታው?
«ምን ልበልህ፣ ስትስል ነበር።»
እንዲሁ ጻፍሁት፦ ስትስል ነበር።

ዶክተሩ ሠንጠረዡን ሲሠራ፣ ያችን አንዲት መስመር አወጣት።
ልክ ነው፤ ሐኪም አላያት፣ የአልጋ ቁጥርም የላት።
እዚያ ላይ ስንት እንደቀሩ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም አላውቅ፤
እኔ የምቆጥረው የደረሰውን ነው።
መዝገቡ ግን እኔ ዘንድ ነው፤
በታችኛው መደርደሪያ፣ እጄ በሚደርስበት።